የነፋስ ትንበያ ዋጋ፦ ያለ ተጨማሪ ማኮብኮቢያ የሚገኝ አቅም

አንድ አውሮፕላን ማረፊያ በሰዓት ስንት አውሮፕላን ማሳረፍ እንደሚችል ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከማኮብኮቢያው ብዛት፣ ከተርሚናሉ ስፋትና ከተቆጣጣሪዎቹ ቁጥር ነው። እነዚህ ሁሉ ግን የአቅምን ጣሪያ የሚያመለክቱ እንጂ በየዕለቱ በእጅ የሚገኘውን አቅም የሚወስኑ አይደሉም። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ማኮብኮቢያ ነፋሱ በበረታበት ቀን ከአቅሙ አምስተኛውን ሊያጣ ይችላል፤ የጠፋው አቅም ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ባለመሆኑ፣ ባለፈው ሰዓት ሥራ ላይ ያልዋለ የማረፊያ ተራ ዳግመኛ አይገኝም። ስለዚህ ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ፣ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚበረታ ከጥቂት ሰዓታት በፊት የሚናገር ትንበያ፣ ከአየር ጠባይ ዜናነት አልፎ እንደ ነዳጅና እንደ ሰው ኃይል ሁሉ የምርት ግብዓት ይሆናል ማለት ነው። ይሁንና የዚህ ግብዓት ዋጋ በትንበያው ትክክለኛነት ብቻ አይለካም፤ ትንበያው የሚያገለግለው የውሳኔ ሥርዓት ምን እንደሚመስልና ስሕተት ሲፈጠር ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም የሚወስነው ደንብ ከትክክለኛነቱ ባልተናነሰ ይወስኑታል።

የነገሩ መነሻ ቀላል ሒሳብ ነው። አውሮፕላን ከአየሩ አንጻር ያለው ፍጥነትና ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክንፉን የሚሸከመው አየሩ በመሆኑ፣ ፓይለቱ ለማረፍ ሲቃረብ የሚጠብቀው ከአየሩ አንጻር የሚለካውን ፍጥነት ነው፤ መካከለኛ መጠን ያለው የመንገደኞች ጄት በዚህ ደረጃ በ140 ኖት አካባቢ ይበርራል። አንድ ኖት ማለት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1.852 ኪሎ ሜትር መጓዝ ነው። ነፋስ ከሌለ አውሮፕላኑ መሬቱንም በዚያው በ140 ኖት ያቋርጣል፤ ከፊት ለፊቱ 30 ኖት የሚነፍስ ነፋስ ካጋጠመው ግን ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ወደ 110 ኖት ይወርዳል። ተቆጣጣሪዎች ተከታትለው በሚያርፉ ሁለት አውሮፕላኖች መካከል የሚያስጠብቁት ክፍተት ከጥንት ጀምሮ በርቀት የተደነገገ በመሆኑ፣ የ3 ኖቲካል ማይል ክፍተት ነፋስ በሌለበት ቀን በ77 ሰከንድ ሲሸፈን፣ 30 ኖት የፊት ነፋስ ባለበት ቀን ግን 98 ሰከንድ ይፈጃል። ይህ በሰዓት ሲሰላ የመጀመሪያው 46፣ ሁለተኛው 36 ማረፊያ ይሰጣል። ማንም ሳያጠፋና አንድም መሣሪያ ሳይበላሽ በየሰዓቱ 10 የማረፊያ ተራ ይጠፋል ማለት ነው።

በተግባር ክፍተቱ ከዚህም የሚሰፋበት ምክንያት አለ። እያንዳንዱ አውሮፕላን ከክንፎቹ ጫፍ የሚነሣ የአየር ሽክርክሪት ከኋላው ጥሎ ያልፋል፤ ትልቅ አውሮፕላን የሚተወው ሽክርክሪት ተከትሎት የሚመጣውን ትንሽ አውሮፕላን ሊገለብጥ የሚችል ኃይል አለው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነባር መመዘኛ መሠረት ከባድ ከሚባለው ክፍል አውሮፕላን ኋላ ሌላ ከባድ አውሮፕላን ሲከተል 4፣ መካከለኛ ሲከተል 5፣ ቀላል ሲከተል ደግሞ 6 ኖቲካል ማይል መራቅ ይኖርበታል። ርቀቱ በሰፋ ቁጥር የፊት ነፋስ የሚበላው ጊዜም አብሮ ይረዝማል።

ይህ ኪሳራ በሁሉም ቦታ እኩል አያምም። በሰዓት አሥር በረራ የሚያስተናግድ ማረፊያ ነፋስ ቢነጥቀውም የማይጎድለው ትርፍ አቅም አለው። የለንደኑ ሂዝሮው ግን በሁለት ማኮብኮቢያዎች ብቻ እየሠራ፣ በዓመት ከ480,000 የማይበልጥ መነሣትና ማረፍ ብቻ የሚፈቅድ ገደብ ተጥሎበት፣ ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በነበሩት ዓመታት ከዚህ ገደብ ጥግ ደርሶ ነበር። እጥረቱ ምን ያህል እንደከረረ የሚያሳየው ገበያው ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦማን ኤር በሂዝሮው ለአንድ ጥንድ የማረፊያና የመነሻ ሰዓት 75 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ በስፋት ተዘግቧል። እንዲህ ባለ ቦታ ነፋስ በሰዓት ጥቂት ተራዎችን ሲወስድ ከጠዋቱ የተጀመረው መዘግየት እስከ ማታ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ማካካሻ የሚሆን ባዶ ሰዓት የለምና። ለማረፍ ተራ የሚጠብቁት አውሮፕላኖች በቦቪንግደን፣ በላምቦርን፣ በኦክሃምና በቢጊን ስም በሚታወቁት አራት የአየር ላይ መጠበቂያዎች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው ክብ እየሠሩ ነዳጅ ያቃጥላሉ።

የእንግሊዝ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ናትስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 በሂዝሮው ሥራ ላይ ያዋለው ዘዴ ለዚህ ችግር እስካሁን ከቀረቡት መልሶች ሁሉ የተሻለውና ግልጹ ነው። አሠራሩ በጊዜ የሚለካ ክፍተት ይባላል። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ በተከታታይ በሚያርፉ አውሮፕላኖች መካከል መጠበቅ ያለበት ቋሚ ነገር ርቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ ነፋሱ ሲበረታና አውሮፕላኖቹ ከመሬት አንጻር ሲዘገዩ ርቀቱ በዚያው ልክ ይጠባል፣ በሰዓት የሚያርፉት ቁጥር ግን እምብዛም አይነካም። ይህን ማድረግ ከደኅንነት አንጻር የሚቻለው በብርቱ ነፋስ ውስጥ የአየር ሽክርክሪት ቶሎ ስለሚበተን ነው። ይህም በግምት የተወሰደ አልነበረም፤ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ከመቶ ሺህ በላይ በረራዎች የተዉት ሽክርክሪት በሌዘር ጨረር መሣሪያ ተለክቶ ተጠንቷል።

በተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ የሚታየው ለውጥ ጥቃቅን ቢመስልም ከኋላው ያለው ሥራ ብዙ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው በሚያመራው ቀጥተኛ መስመር ላይ ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ኋላ አንዲት ምልክት ትታያለች፤ ተከታዩ አውሮፕላን ከዚያች ምልክት እንዳያልፍ፣ እጅግም እንዳይርቅ ይመራል። ምልክቷ የምትቀመጥበትን ቦታ የሚወስነው ኮምፒዩተር፣ በአካባቢው ከሚበርሩት አውሮፕላኖች በራዳር አማካይነት የሚላክለትን የአየር ፍጥነት፣ የመሬት ፍጥነትና አቅጣጫ እያነጻጸረ በየከፍታው ያለውን ነፋስ ያሰላል። በማማው ጫፍ ላይ የተተከለ የነፋስ መለኪያ ብቻውን ለዚህ አይበቃም፤ በመሬት ደረጃ 10 ኖት የሚነፍስ ነፋስ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ሲል 40 ኖት ሊሆን ስለሚችል፣ ማወቅ የሚያስፈልገው አውሮፕላኑ በሚወርድበት መስመር ሁሉ ላይ ያለውን ነፋስ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንድ ሜትር ኮንክሪት ሳይፈስስ፣ አንድ መንደር ሳይነሣ፣ ማኮብኮቢያው ቀድሞም የነበረው ነገር ግን በነፋስ ይወሰድበት የነበረው አቅም መመለሱ ነው። በሂዝሮው ሦስተኛ ማኮብኮቢያ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር ለአሥርተ ዓመታት ሲጓተት፣ ከመረጃ የተገኘው ይህ አቅም ግን ያለ ብዙ ጫጫታ በሥራ ላይ ውሏል።

ይህ ሲባል ግን አሁን ያለውን ነፋስ አውቆ ክፍተትን ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነፋስ ገምቶ ገና ከመነሻቸው ያልተንቀሳቀሱ አውሮፕላኖችን ማዘዝ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የፍሰት አስተዳደር ይባላል። በአሜሪካ ይህን የሚመራው በቨርጂኒያ ግዛት በዋረንተን የሚገኘው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የዕዝ ማዕከል ሲሆን፣ በአውሮፓ ደግሞ በብራስልስ የሚገኘው የዩሮኮንትሮል የኔትወርክ ማዕከል ነው። ለምሳሌ ከሰዓት በኋላ በኒውዮርክ አካባቢ ባሉት ማረፊያዎች ብርቱ ነፋስ ይጠበቃል ከተባለና የማረፊያው አቅም ከታቀዱት በረራዎች በታች እንደሚሆን ከተገመተ፣ ማዕከሉ ወደዚያ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ከቺካጎም ሆነ ከአትላንታ የሚነሡበትን ሰዓት ያዘገያል። መዘግየቱ ያም ሆነ ይህ አይቀርም፤ ጥያቄው የት ይዘግዩ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላንና ሰማይ ላይ ክብ እየሠራ የሚጠብቅ አውሮፕላን የሚያወጡት ወጪ እጅግ የተለያየ ነው። በአሜሪካ ከባድ ከሚባሉት የበረራ መዘግየቶች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ከአየር ጠባይ የሚመነጩ በመሆናቸው ይህ ውሳኔ በየቀኑ የሚወሰን ነው። የዌስትሚኒስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአውሮፓ ባወጡት ስሌት በፍሰት አስተዳደር ምክንያት የሚፈጠር አንድ ደቂቃ መዘግየት አየር መንገዶችን እ.ኤ.አ. በ2014 ዋጋ በአማካይ ወደ 100 ዩሮ ያስወጣል፤ ይህም አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለ የሚቆጠር ሲሆን በአየር ላይ ሲሆን ደግሞ የነዳጁ ወጪ ይታከልበታል።

የትንበያ ኢኮኖሚክስ ዋና ቁም ነገር የሚገኘው በዚህ የወጪ ልዩነት ውስጥ ነው። ለስሌት እንዲመች መሬት ላይ አንድ ደቂቃ መቆየት 1 አሐድ፣ አየር ላይ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ደግሞ 3 አሐድ ያስወጣል እንበል። ነፋሱ ከመጣ 20 አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ፣ በድምሩ 300 ደቂቃ ይዘገያሉ። ማዕከሉ አስቀድሞ መሬት ላይ ቢያቆያቸው ነፋሱ መጣም ቀረም 300 አሐድ በእርግጠኝነት ይከፈላል። እንዲነሡ ቢፈቅድና ነፋሱ ቢመጣ 900 አሐድ ይከፈላል፤ ነፋሱ ካልመጣ ምንም አይከፈልም። የአየር ትንበያ ባለሙያው ነፋሱ የመምጣት ዕድሉ 40 በመቶ ነው ቢል፣ መፍቀድ በአማካይ 360 አሐድ ስለሚያስወጣ ማቆየት ይሻላል፤ ዕድሉ 25 በመቶ ነው ቢል ግን መፍቀድ 225 አሐድ ብቻ ስለሚሆን ማቆየት ብክነት ነው። መለያው መስመር አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ማለትም ሁለቱ ወጪዎች ሲካፈሉ በሚገኘው ቁጥር ላይ ይወድቃል።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ድምዳሜ በብዙ አገሮች ያለውን የትንበያ አቀራረብ የሚነቅፍ ነው። ባለሙያው «ብርቱ ነፋስ ይኖራል» ወይም «አይኖርም» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል ብቻ እንዲሰጥ ከተገደደ፣ ዕድሉ 40 በመቶ በሆነበት ቀን ከግማሽ በታች ነውና «አይኖርም» ይላል፤ ማዕከሉም ይህን አምኖ አውሮፕላኖቹን ሲለቅቅ በአማካይ ይከስራል። ትንበያው ስሕተት አልነበረም፤ የተነገረበት መንገድ ግን ለውሳኔው የሚያስፈልገውን ዕውቀት አጥፍቶታል። ዕድልን በቁጥር ገልጦ መናገር ለባለሙያው እንደ ድፍረት ማነስ የሚቆጠርበት የሥራ ባህል ባለበት ሁሉ፣ ይህ ጥፋት ሳይታወቅ በየቀኑ ይፈጸማል። በሳይንሱ ግን ይህን የሚከለክል ነገር የለም፤ የአየር ጠባይ ሞዴሎች በትንሽ በትንሹ ከሚለያዩ መነሻዎች ብዙ ጊዜ ተደጋግመው ሲሰሉ፣ ከውጤቶቹ ስንቶቹ ብርቱ ነፋስ እንደሚያሳዩ በመቁጠር ዕድሉን መገመት ይቻላል።

ሒሳቡን የሚያወሳስበው ጊዜ ነው። ትንበያ ሰዓቱ በቀረበ ቁጥር እየጠራ ይሄዳል፤ ውሳኔው ግን ሊጠብቅ አይችልም። ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ የሚበርር አውሮፕላን ከአምስት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ስለሚቆይ፣ መሬት ላይ ይቆይ ከተባለ ውሳኔው በጣም ቀድሞ፣ ትንበያው ገና ደብዛዛ በሆነበት ሰዓት መሰጠት አለበት። ከቦስተን የሚነሣው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚበቃው እስከ መጨረሻው መጠበቅ ይቻላል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ አሠራር ከተወሰነ ርቀት በላይ የሚመጡ በረራዎች ብዙውን ጊዜ ከመዘግየቱ ነጻ ይደረጋሉ፤ ሸክሙም በአጫጭር በረራዎች ላይ ይወድቃል። ከምጣኔ ሀብት አንጻር ይህ ትክክለኛ ነው፣ ምክንያቱም ነፋሱ ሳይመጣ ከቀረ የቅርቡን አውሮፕላን ወዲያው መልቀቅ ሲቻል የሩቁን ግን ያለፈበትን ጊዜ መመለስ አይቻልም። ከፍትሕ አንጻር ግን የአጭር ርቀት አየር መንገዶችና የትንንሽ ከተሞች መንገደኞች የትንበያን አለመጥራት ዋጋ ለሌሎች ሲሉ ይከፍላሉ። ትንበያው በአንድ ሰዓት ቀድሞ በጠራ ቁጥር ይህ ኢፍትሐዊ ሸክም ስለሚቀልል፣ የተሻለ ትንበያ ወጪን ከመቀነሱ በተጨማሪ የወጪውን ክፍፍል ያስተካክላል ማለት ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች በሒሳብ ቅርጽ አስቀምጦ የምርምር መስክ ያደረጋቸው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ፕሮፌሰር አሜዴዮ ኦዶኒ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ጥናት የመስኩ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ነገር ግን ከሒሳቡ ይልቅ ለኢኮኖሚ ተመራማሪ የበለጠ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተካሄደው የደንብ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት የማረፊያ ተራ የሚደለደለው አየር መንገዶች በዕለቱ ባሳወቁት አዲስ ሰዓት ላይ ተመሥርቶ ስለነበር፣ አንድ በረራ እንደሚዘገይ ወይም እንደተሰረዘ በቅንነት ያሳወቀ አየር መንገድ ተራውን ይነጠቅ ነበር። ውጤቱ የሚገመት ነው፤ አየር መንገዶች መረጃ መደበቅ ጀመሩ፣ ማዕከሉም የማይመጡ አውሮፕላኖችን እየጠበቀ ተራዎችን ባዶ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. ከ1998 መጀመሪያ አንሥቶ በሳን ፍራንሲስኮና በኒውአርክ ተሞክሮ የተስፋፋው አዲሱ ደንብ፣ ተራ የሚደለደለው በመጀመሪያው የበረራ መርሐ ግብር ቅደም ተከተል እንዲሆን አደረገ። አየር መንገዱ አንድ በረራ ሲሰርዝ ተራው የራሱ ሆኖ ይቀራል፤ በቦታው ሌላ በረራውን ማስገባት ይችላል፤ ካልቻለም ተራው ለሌላ ተሰጥቶ በምትኩ የሚጠቅመው ሌላ ተራ ይሰጠዋል። እውነቱን መናገር የሚያስጠቅም ሲሆን እውነቱ ይነገራል። ይህ ለውጥ ባይደረግ ኖሮ የትኛውም የነፋስ ትንበያ ጥራት ብዙ ባልፈየደ ነበር፤ አቅሙ በትክክል ቢተነበይ እንኳ ፍላጎቱ የተሳሳተ ሆኖ ይቀር ነበርና።

ነፋስ በማረፊያው ዙሪያ ብቻ የሚወሰን ጉዳይም አይደለም። በአሥር ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የሚባለው ፈጣን የአየር ጅረት፣ በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚሄዱ በረራዎችን መንገድ ለአሥርተ ዓመታት ሲወስን ኖሯል። በካናዳ የጋንደርና በስኮትላንድ የፕሬስትዊክ ማዕከላት የነፋሱን ትንበያ አይተው በየቀኑ የውቅያኖሱን የበረራ መስመሮች ይነድፋሉ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ጅረቱን እንዲጋልቡ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት እንዲሸሹት ይደረጋል። ጅረቱ ከወትሮው ሲበረታ ደግሞ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኪያራ የተባለው ማዕበል በተነሣበት ሌሊት አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። ለመንገደኛው ይህ ደስታ ነው፤ ለሂዝሮው ተቆጣጣሪ ግን በሌሊት የማረፊያ ገደብ ባለበት ማረፊያ ላይ ከመርሐ ግብራቸው ቀድመው በአንድነት የሚደርሱ አውሮፕላኖች ማለት ነው። ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ቀድሞ ያርፋል የሚል አሠራር ነዳጅ አቃጥሎ ለመቅደም መሽቀዳደምን ያበረታታል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተሞከረው አሠራር ይህን ለማረም ከሂዝሮው እስከ 350 ኖቲካል ማይል ርቀት ላይ ያሉ የጎረቤት አገር ተቆጣጣሪዎች አውሮፕላኖቹ ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ እንዲያዝዙ ይጠይቃል፤ መጠበቁ ከክብ መዞሪያው ወደ ረጅሙ መንገድ ተዛውሮ ነዳጁ ይተርፋል።

የነፋስ አቅጣጫ ለውጥ ደግሞ የራሱ ወጪ አለው። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ መነሣትና ማረፍ ስላለበት፣ ነፋሱ ሲዞር የማኮብኮቢያው አጠቃቀም በሙሉ ይገለበጣል፤ ለማረፍ የተሰለፉት አቅጣጫ ይቀይራሉ፣ ለመነሣት የወጡት ወደ ሌላኛው ጫፍ ይነዳሉ። የአምስተርዳሙ ስኪፖል በተለያየ አቅጣጫ የተዘረጉ ስድስት ማኮብኮቢያዎች ያሉት መሆኑ ብዙ አማራጭ ቢሰጠውም፣ ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ከስድስቱ ጥቂቶቹ ብቻ አገልግሎት ላይ ስለሚቀሩ አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል። ነፋሱ የሚዞርበት ሰዓት በሃያ ደቂቃ ተሳስቶ ቢተነበይ እንኳ መገለበጡ ከብዙ ማረፊያ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ይህ ሁሉ ትንበያ የሚሠራው ከምን እንደሆነ መመልከት የገንዘቡን ጥያቄ ያነሣል። በዓለም ላይ የነፋስ ትንበያ ከሚመገባቸው ዋና ዋና መረጃዎች አንዱ በበረራ ላይ ያሉ አውሮፕላኖች ራሳቸው የሚልኩት የነፋስና የሙቀት ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ በረራዎችን ሲያቆም ይህ መረጃ በዓለም አቀፍ ደረጃ ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት አስታውቆ ነበር። ሁሉም የሚጠቀምበትንና አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው የማያልቀውን ነገር ኢኮኖሚክስ የሕዝብ ሀብት ይለዋል፤ እንዲህ ያለ ሀብት ለብቻ ለሚያመርተው ስለማያዋጣ ካልተደራጀ በስተቀር ከሚያስፈልገው በታች ይመረታል። የአቪዬሽን ዓለም መፍትሔ ያገኘው ከፊሉን በመንግሥታት ስምምነት፣ ከፊሉን ደግሞ የሜትዎሮሎጂ አገልግሎት ወጪ በአየር ክልል አጠቃቀም ክፍያ እንዲመለስ በመፍቀድ ነው። ለአውሮፕላን አብራሪዎች የሚቀርበው የከፍተኛ ሰማይ ነፋስ ትንበያም ለዓለም ሁሉ የሚዘጋጀው በለንደንና በዋሺንግተን ስም በሚጠሩ ሁለት ማዕከላት ነው። ስለዚህ አዲስ ለሚገነባ ማረፊያ ዋነኛው ጉድለት የሚሆነው ከላይ የሚመጣው የዓለም ትንበያ ሳይሆን፣ ያን ትንበያ እስከ አንድ ማኮብኮቢያ አጥር ድረስ የሚያወርደው የአካባቢ ልኬት ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኖች ለመነሣትና ለማረፍ ከዝቅተኛ ቦታ የበለጠ የመሬት ፍጥነት ያስፈልጋቸዋል፣ የጀርባ ነፋስ ደግሞ ሊጭኑት የሚችሉትን ክብደት ይቀንሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሺንግተን የሚያደርገው በረራ ሲሄድ ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ሲያርፍ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ መግባቱ የዚህ ውጤት ነው፤ ሲሄድ ከከፍታው የተነሣ ከባድ ጭነት ይዞ መነሣት አይችልም፣ በላይ በሰማይም የምዕራብ ነፋስ ይገጥመዋል፤ ሲመለስ ግን ዝቅ ካለ ማረፊያ ተነሥቶ ነፋሱ ይረዳዋል። ከዚህም በላይ የአየር መንገዱ ንግድ የተመሠረተው በማዕበል አሠራር ላይ ነው፤ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከእስያና ከባሕረ ሰላጤው የሚመጡት በረራዎች በንጋት ተከታትለው ይገባሉ፣ መንገደኞቻቸውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ አፍሪካ ከተሞች ለሚነሡት ይተላለፋሉ። በእንዲህ ያለ ሥርዓት አንድ የዘገየ ማረፊያ የራሱን መንገደኞች ብቻ ሳይሆን የአሥርና የሃያ በረራዎችን መንገደኞች ያዘገያል፤ በዚያ ጠባብ ሰዓት የጠፋ የማረፊያ ተራ በቀትር ከጠፋው ተራ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። በአማካይ የዓመት አቅም ብቻ የሚሠራ ስሌት ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ግንባታው እ.ኤ.አ. በጥር 2026 በይፋ የተጀመረውና 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው የቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያ አራት ማኮብኮቢያዎች እንዲኖሩት ታቅዷል፤ ከቦሌ ዝቅ ያለ ከፍታ ላይ መሆኑም ጥቅም አለው። ማኮብኮቢያዎች ሲበዙ በተጓዳኝ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማቀናጀት የሚጠይቀው የነፋስ ዕውቀትም አብሮ ይበዛል። የቦታውን የነፋስ ጠባይ በየከፍታው ለማወቅ በበጋውም በክረምቱም የተደረገ የብዙ ዓመት ልኬት ያስፈልጋል፤ ማረፊያው ከተከፈተ በኋላ የሚጀመር ልኬት ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያባክናል። ልኬቱ ብቻውንም አይበቃም፤ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና አየር መንገዱ ትንበያውን በዕድል ቁጥር ተረድተው በአንድ ጠረጴዛ ውሳኔ የሚሰጡበት አሠራርና ተራ የሚደለደልበት ግልጽ ደንብ ከወዲሁ መቀረጽ አለበት። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከማኮብኮቢያው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የፕሮጀክቱ ባለቤቶች የነፋስ መለኪያ መረቡንና የጋራ ውሳኔ ማዕከሉን ለኋላ ከሚተዉት ማሟያ ዝርዝር አውጥተው በመጀመሪያው ምዕራፍ በጀት ውስጥ ሊያካትቱት ይገባል።